ማሚቶው ምን ይላል? ስለ አልትራሳውንድ ምርመራ የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዓምድ ስለ ሕክምና ምርመራዎች ጥያቄ እንድትልኩልን ከጋበዝናችሁ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርካታዎቹ አልትራሳውንድን የሚመለከቱ ሆነው ተገኝተዋል። ለብዙ ዓመታት በዚህ ምርመራ ክፍል ውስጥ የሠራሁ የራዲዮሎጂ ሐኪም በመሆኔ መልሱን የመጻፍ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቷል። ደብዳቤዎቹን ሳነብ አብዛኞቹ ጠያቂዎች መሣሪያውን ቆዳን አልፎ እንደሚያይ ካሜራ አድርገው እንደሚያስቡት አስተዋልኩ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ፎቶግራፍ ሳይሆን ከሰውነት ውስጥ ተመልሶ የመጣ ድምፅ፣ ማለትም ማሚቶ ነው፤ ማሚቶ ደግሞ የሚመለሰው ከተጣሩበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው መልሶች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ በመሆኑ ስለ አሠራሩ ከጠየቁን አንባቢ እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ድምፅ ሞገድ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ድምፅ እንዴት ሥዕል ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄልስ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ገደል ፊት ለፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማው ድረስ ያለፈውን ጊዜ ቢለካ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝም ቢያውቅ፣ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ በቆመበት ሊያሰላው ይችላል። አልትራሳውንድ የሚሠራው ይህንኑ ስሌት ነው፤ ልዩነቱ ድምፁ እጅግ ቀጭን፣ ጊዜው እጅግ አጭር፣ ገደሉም የጉበት ወይም የኩላሊት ግድግዳ መሆኑ ነው።

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ ለምርመራ የሚውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም ከ2 እስከ 15 ሜጋኸርዝ ይባላል። ሐኪሙ በእጁ በሚይዘው ፕሮብ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ የሚርገበገቡ፣ ሲጫኗቸው ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። በአንዳንድ ክሪስታሎች ላይ ግፊት ሲያርፍ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ፒየር ኪዩሪ እና ወንድሙ ዣክ ኪዩሪ የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። እንግዲህ እያንዳንዱ ቁራጭ አፍም ጆሮም ነው፤ ለአንዲት ቅጽበት ይጣራል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከጊዜው እጅግ የሚበዛውን ክፍል የሚያሳልፈው በማዳመጥ ነው።

ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ክፍሎች ውስጥ በአማካይ በሰከንድ 1,540 ሜትር ስለሚጓዝ አንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ 13 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል 13ቱን ይፈጅበታል። ተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ እንዲያሰሉት ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፦ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አንድ መስመር ለመስማት ከ200 ማይክሮሰከንድ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ አንድ ምስል ከ150 መስመሮች የሚሠራ ከሆነ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ከ30 በላይ ምስሎች ይወጣሉ። የጽንስ ልብ ሲመታ በስክሪኑ ላይ የምናየው በዚህ ፍጥነት ነው። ማሚቶው የመጣበት ጊዜ የነጥቧን ቦታ ይወስናል፣ የማሚቶው ብርታት ደግሞ ንጣቷን። ደማቅ ነጭ ማለት ብርቱ ማሚቶ፣ ጥቁር ማለት ምንም ማሚቶ ያልመጣበት ስፍራ ነው።

ማሚቶ የሚፈጠረው ድምፁ ከአንድ ዓይነት ቁስ ወደ ሌላ ዓይነት ሲሻገር ነው። የሁለቱ እፍጋትና ድምፅ የሚያሳልፉበት ፍጥነት እጅግ ከተራራቀ ድምፁ ሊሻገር አይችልም፤ በአየርና በቆዳ መካከል 99.9 በመቶ የሚሆነው ተንጸባርቆ ይመለሳል። በፕሮቡና በቆዳው መካከል ስስ የአየር ንጣፍ ቢቀር እንኳ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ጄሉ የሚቀባው ያንን አየር ለማስወጣት እንጂ እንደ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዲገባ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎችዎ ከሁሉ ይልቅ ይህ የሚጠቅም ይመስለኛል። መሣሪያው ድምፁ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ እንደተመለሰ፣ ፍጥነቱም በየትም ቦታ 1,540 እንደሆነ አድርጎ ያሰላል። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ድምፁ በሳንባ ሥር ካለው፣ ድያፍራም ከተባለው ጡንቻ ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫውን ከቀየረ በኋላ በመጣበት መንገድ ሲመለስ፣ መሣሪያው መዞሩን ስለማያውቅ የጉበቱን መልክ ከድያፍራሙ ማዶ፣ ሳንባ ባለበት ቦታ ደግሞ ይሥለዋል። በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል መሆኑን ያልተማረ ዓይን ሳንባ ውስጥ ዕጢ አለ ሊል ይችላል። ይህን ምርመራ የመርማሪው ችሎታ የሚወስነውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አንገቴ ላይ በተደረገ አልትራሳውንድ ውጤት ላይ «ሃይፖኤኮይክ ኖጁል» የሚል ተጽፏል። ከሐኪሜ ጋር እስክገናኝ አንድ ሳምንት ስላለ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ካንሰር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ቃሉ ብቻውን ይህን አይናገርም። «ኤኮ» ማሚቶ ነው፤ «ሃይፖኤኮይክ» ማለት በዙሪያው ካለው ሥጋ ያነሰ ማሚቶ የሚመልስ፣ ስለዚህም ጠቆር ብሎ የሚታይ ማለት ነው። በአንጻሩ «ሃይፐርኤኮይክ» ነጣ ብሎ የሚታየው ሲሆን «አንኤኮይክ» ደግሞ ፈጽሞ ማሚቶ የሌለው፣ እንደ ውሃ ጥቁር የሆነ ነው። ቃላቱ የሚገልጹት መልክን ነው፤ የበሽታ ስም አይደሉም።

በአንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ የሚገኙ፣ ኖጁል የሚባሉት እብጠቶች በተለይ በሴቶችና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ እጅግ የተለመዱ ሲሆኑ፣ ከ10ሩ 9ኙና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። ሐኪምዎ ውጤቱን ሲያነብ ከቀለሙ ጋር ሌሎች ምልክቶችን አብሮ ያያል፦ ዳሩ የተስተካከለ ነው ወይስ የተቆራረጠ፣ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል ወይ፣ ውስጡ እንደ አሸዋ የደቀቁ ነጫጭ ነጥቦች አሉበት ወይ፣ መጠኑስ ስንት ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ፈሳሽ ብቻ የሆነ ወይም እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አያሳስብም። ምልክቶቹ የሚያጠራጥሩ ሆነው ከተገኙ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ መርፌውም በአልትራሳውንድ እየታየ በትክክል እብጠቱ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው።

ፈሳሹን ከጠጣሩ መለየት የዚህ ምርመራ የመጀመሪያ ትልቅ ስጦታ እንደነበር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የግላስጎው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችንና በፈሳሽ የተሞሉ ከረጢቶችን በመኪና ጭኖ ወደ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ወሰደ፤ በዚያም የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ የሚያገለግል የድምፅ መሣሪያ ነበር። ጠጣሩና ፈሳሹ ፍጹም የተለያየ ማሚቶ እንደሚሰጡ አየ። ከዚያ በኋላ ሊድን የማይችል የሆድ ካንሰር አለባት ተብላ የተተወች አንዲት ሴት ስትመረመር በሆዷ ውስጥ ያለው በፈሳሽ የተሞላ ትልቅ የኦቫሪ ከረጢት ሆኖ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ዳነችም። ዶናልድ ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ ሥራቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አንድ ጥቁር ጥላ የአንዲትን ሴት የሞት ፍርድ ሽሯል፤ ስለዚህ እርስዎም በውጤትዎ ላይ ባለች አንዲት ቃል የተነሣ ክፉውን አይደምድሙ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሆድ አልትራሳውንድ ምግብ ሳትበላ እንድትመጣ ታዘዘች፤ እኔ ግን ብዙ ውሃ ጠጥቼና ሽንቴን ይዤ እንድመጣ ተነገረኝ። ለምን ይለያያል?

መልስ፦ የሚፈለገው አካል ስለሚለያይ ነው። የሐሞት ከረጢት ምግብ፣ በተለይም ቅባት፣ ሲመጣ ጨምቆ ሐሞቱን ወደ አንጀት ይለቃል፤ የተጨመቀ ከረጢት ግድግዳው ወፍሮ ይታያል፣ ጠጠርም ሊደበቅበት ይችላል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ጾሙ በአንጀት ውስጥ ያለውን አየርም በመጠኑ ይቀንሳል። እናትዎ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ግን ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ በማለዳ ቀጠሮ እንዲሰጣቸውም ይጠይቁ።

የእርስዎ ምርመራ የማህፀንና የአካባቢው ሳይሆን አይቀርም። የሞላ ሽንት ፊኛ አየር ያዘሉትን አንጀቶች ወደ ላይ ገፍቶ ለድምፁ እንደ መስኮት ሆኖ ያገለግላል፤ ፈሳሽ ድምፅን ሳያደክም ስለሚያሳልፍ ከጀርባው ያለው ማህፀን ጥርት ብሎ ይታያል። ነገር ግን እስኪያምዎ ድረስ አይሙሉት። ከመጠን በላይ የሞላ ፊኛ የማህፀንን የታችኛ ክፍል ስለሚጫን በነፍሰ ጡሮች ላይ እንግዴ ልጁ ከትክክለኛ ቦታው ዝቅ ያለ ሊያስመስል ይችላል። በብልት በኩል በሚገባ ፕሮብ ለሚደረገው ምርመራ ደግሞ በተቃራኒው ሽንት ተሸንቶ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ በጎኔ ከባድ ሕመም ተነሥቶብኝ አልትራሳውንድ ተደረገልኝና «ኩላሊቶች ጤናማ ናቸው» ተባልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ በሲቲ ስካን ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ የ4 ሚሊሜትር ጠጠር ተገኘ። የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቶ ነው ወይስ መሣሪያው የተበላሸ ነበር?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ እላለሁ። ያ ቱቦ ቀጭን ነው፤ ከኩላሊት ሲነሣና ወደ ፊኛ ሲገባ ካልሆነ በቀር አብዛኛው ርዝመቱ በአንጀት ጀርባ ስለሚያልፍ በአንጀት ውስጥ ያለው አየር ይጋርደዋል። አየርን ድምፅ እንደማያልፈው ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ጠጠሩን ራሱን ሳይሆን ዱካውን ነው፦ ሽንት መውረጃ አጥቶ ወደ ኋላ ሲጠራቀም ኩላሊቱ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ወይም ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ግን ይህ ዱካ ገና ላይታይ ይችላል። በኩላሊቱ በራሱ ውስጥ ወይም በሐሞት ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጠር ሌላ ነገር ነው፤ ደማቅ ነጭ ሆኖ ከበስተኋላው ድምፁ ስለማያልፍ እንደ ጅራት የተዘረጋ ጥቁር ጥላ ይጥላል። በተለይ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ሲሆን፣ ታማሚው በጎኑ ሲተኛ ጠጠሩ እየተንከባለለ ቦታ ሲቀይር ማየት ይቻላል።

በውጤት ወረቀት ላይ «ጤናማ» የሚለው ቃል «ማየት በቻልኩት መጠን ጤናማ» ማለት ነው። «በአንጀት አየር ምክንያት ቆሽት በሚገባ አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ ለማሳመሪያ የተጻፈ አይደለም፤ ያ ስፍራ አልተመረመረም ማለት ነውና ሕመሙ ከቀጠለ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። የአዋቂ ሰው አእምሮም በራስ ቅል አጥንት ስለተከበበ በዚህ መንገድ በሚገባ አይታይም፤ የራስ ቅሉ ገና ያልገጠመ ጨቅላ ሕፃን ግን በርግብግቢቱ በኩል ሊታይ ይችላል። ሳንባ አየር በመሆኑ ጥልቀቱ አይታይም፤ በዙሪያው የተጠራቀመ ፈሳሽ ግን ጥቂትም ቢሆን ወዲያውኑ ይገኛል።

የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱም ብዙ ይወስናል። ከዓመታት በፊት «የሆድ አልትራሳውንድ» የሚል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሆዳቸውን መርምሬ ጨርሼ ጄሉን ሲጠርጉ፣ እግረ መንገዳቸውን «የቀኝ ባቴ ግን ከሦስት ቀን ጀምሮ አብጦ ይጠዘጥዘኛል» አሉኝ። ፕሮቡን መልሼ ከጉልበታቸው ኋላ አስቀመጥኩ። ጤናማ ደም መልስ በፕሮቡ ትንሽ ሲጫኑት ግድግዳዎቹ ተገናኝተው ከስክሪኑ ይጠፋል፤ የእርሳቸው ግን እየጫንኩት እንደ ድፍን ገመድ ክብ ሆኖ ቀረ። የረጋ ደም ነበረበት፤ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። በዚያው ቀን ሕክምና ጀመሩ። ያን ቃል ሳይናገሩ ቢወጡ ኖሮ የሆዳቸው ውጤት «ጤናማ» ተብሎ ይሰጣቸው ነበር፤ ውሸትም አይሆንም ነበር። ስለዚህ አልጋው ላይ ሲተኙ የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ያሳዩ፤ መቼ እንደጀመረና ከዚህ በፊት የተደረገልዎትን ቀዶ ሕክምና ይንገሩ፤ የቀድሞ ውጤቶችዎንም ይዘው ይምጡ።

ጥያቄ፦ በአባቴ የልብ ምርመራ ላይ ደሙ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ሲፈስ አየሁ። ሰማያዊው የቆሸሸው ደም ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ቀለሙ ግን ስለ ደሙ ንጽሕና አይናገርም። በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ ፕሮቡ የሚመጣ፣ ሰማያዊው ከፕሮቡ የሚርቅ ደም ነው፤ ሐኪሙ ፕሮቡን ቢያዞረው ያው ደም ቀለሙን ይቀይራል። ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅም እንደሚወፍር ያስተዋለ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል፤ ሕጉን ክርስቲያን ዶፕለር የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1842 ስላቀረበው ምርመራው በስሙ ይጠራል። በልብ በር ላይ ቀለሞቹ ተደበላልቀው እንደ ሞዛይክ ሲታዩ ደሙ በጠበበ ወይም በሚያፈስ በር በኃይል እየተሽከረከረ ማለፉን ያመለክታል።

ልብን በድምፅ መመርመር የጀመሩት በስዊድን ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ሄልሙት ኸርትዝ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 መጀመሪያ የተጠቀሙበትም እንደ ዶናልድ ሁሉ ለብረት ፍተሻ የተሠራ መሣሪያ ነበር። በአባትዎ ውጤት ላይ «ኢጀክሽን ፍራክሽን» የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ። የግራው የታችኛ የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ምን ያህሉን እንደሚገፋ የሚያሳይ ሲሆን በጤናማ ልብ ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው። ልብ ሁሉንም አይገፋም፤ ስለዚህ 60 የሚል ካዩ ልባቸው 40 በመቶ ደክሟል ብለው እንዳይደነግጡ።

ጥያቄ፦ በእርግዝናዬ ለአምስተኛ ጊዜ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ጨረሩ ልጄን አይጎዳውም?

መልስ፦ አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ እንደ ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ዓይነት ጨረር የለውም። በእርግዝና ላይ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲያገለግል ለምርመራ በሚውለው መጠን በጽንስ ላይ ያደረሰው የተረጋገጠ ጉዳት አልተገኘም። ሆኖም ድምፅም ጉልበት ነውና ሥጋን በጥቂቱ ሊያሞቅ ይችላል፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ ስለ ሙቀቱና ስለ ሞገዱ ግፊት የሚጠቁሙ ሁለት ቁጥሮች የሚታዩት ለዚህ ነው። ሕጋችን ቀላል ነው፦ ለሕክምና ምክንያት፣ በሚበቃ ዝቅተኛ ኃይልና በሚበቃ አጭር ጊዜ። ዶፕለር ከተራው ምስል የበለጠ ኃይል ስለሚጠቀም በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት ያለ በቂ ምክንያት አንጠቀምበትም። አምስተኛው ምርመራ ምክንያት ካለው ቁጥሩ አያስጨንቅዎ፤ ምክንያቱን ሐኪምዎን መጠየቅም መብትዎ ነው። ለመታሰቢያ የሚሆን የሕፃኑን ፊት ብቻ ለመቅረጽ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ቀረጻን ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በ10ኛው ሳምንት የተነገረኝን የመውለጃ ቀን በ22ኛው ሳምንት የተደረገው ምርመራ በ5 ቀን፣ ትናንት የተደረገው ደግሞ በ19 ቀን ወደ ኋላ አዘገየው። የትኛውን ልመን? ቀኑ ስለራቀ ቀጠሮዬንም ላዘገየው አስቤ ነበር።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ይመኑ። ቀጠሮዎንም እባክዎን አያዘግዩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አልትራሳውንድ ዕድሜን አያይም፤ የሚያየው ርዝመትን ነው፤ ዕድሜው ከርዝመቱ ይሰላል። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱን ከአናቱ እስከ መቀመጫው እንለካዋለን። መርማሪው ጽንሱ ሳይታጠፍና ሳይንጠራራ ተዝናንቶ እስኪተኛ ድረስ ይጠብቃል፣ ምስሉን ያቆመዋል፣ አንዱን ምልክት በአናቱ ሌላውን በመቀመጫው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፤ 60 ሚሊሜትር ቢያገኝ ጽንሱ 12 ሳምንት ተኩል ገደማ ሆኖታል። በዚያ ጊዜ ጽንሶች ሁሉ የሚያድጉት በተቀራረበ ፍጥነት ስለሆነ ስሕተቱ ከ5 እስከ 7 ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መንገድ ይዞ ያድጋል፤ አንዱ እንደ ወላጆቹ ረጅም ይሆናል፣ ሌላው ደቀቅ ይላል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የጭንቅላቱን ስፋት፣ የሆዱን ዙሪያና የጭኑን አጥንት ለክተን ዕድሜውን ብናሰላ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ልንሳሳት እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡሮች ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲደረግላቸው የመከረው አንድም ዕድሜው በጊዜ እንዲታወቅ ነው።

ስለዚህ በ10ኛው ሳምንት የተወሰነው ቀን ጸንቶ ይቆያል፤ በኋላ የሚደረጉት ምርመራዎች የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው፣ እርሱም «ይህ ልጅ ለዕድሜው በሚገባ እያደገ ነው ወይ?» የሚል ነው። ማሽኑ ግን የለካውን ሁሉ ወደ ሳምንት ቀይሮ አዲስ የመውለጃ ቀን በራሱ ስለሚያትም፣ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ቀኑ የተቀየረ ይመስለዋል። ከቁጥሮቹ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ቀኑን በየምርመራው ብናንቀሳቅሰው ትንሽ ሆኖ የቀረው ልጅ በወረቀት ላይ ትንሽ መሆኑ ይቀርና «ዕድሜው ያልደረሰ» ይሆናል። ችግሩ በስሌት ይሸፈናል።

የእርስዎ ልጅ በ22ኛው ሳምንት በ5 ቀን፣ አሁን ደግሞ በ19 ቀን ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ተለክቷል። የመጀመሪያው ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛውም የመለኪያ ስሕተት ወይም የልጁ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ እየሰፋ ስለሄደ እንግዴ ልጁ በቂ ምግብና ኦክስጅን እያስተላለፈ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሦስቱንም የውጤት ወረቀቶች ይዘው የእርግዝና ክትትል ወደሚያደርግልዎ ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ይሂዱና «በ10ኛው ሳምንት በተወሰነው ዕድሜ መሠረት ክብደቱ ስንት ነው? የሆዱ ዙሪያስ?» ብለው ይጠይቁ። በልጁ ዙሪያ ያለው የሽርት ውሃ መጠንና በእትብቱ ደም ሥር ውስጥ የሚያልፈው ደም በዶፕለር ቢታይ ብዙ ነገር ይገለጣል፤ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመዱት ቀንሶ ከተሰማዎት ግን ቀጠሮም ሆነ ሳምንት ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።